ምንም አልሆነም ያሉት ገበሮች

ተረት ተረት፣ የላም በረት።

በአንድ ሰው ውስጥ አንድ አገር ነበረ አሉ። ሰውየው ከደባርቅ መጥቶ መካኒሳ አቦ የከተመ የታክሲ ሹፌር ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሚኒባሱን ያሞቃል፤ በአቦ ደጅ ሲያልፍ መሪውን እንደያዘ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይሳለማል፤ ከዚያ ሳር ቤት፣ ሜክሲኮ፣ ተመልሶ መካኒሳ። ወር በገባ በ5 ነጠላ የለበሰው ምእመን መንገዱን ሲሞላው የእሱም ሥራ ይደራል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ የፊት ለፊቱን መኪና ጢስ ይምጋል፤ ተራ ሲጠብቅ ሲጋራ ያቀጣጥላል። ማታ ወደ ቄራ ብቅ ብሎ ቁርጥ ይበላል፣ ሚጥሚጣው ላይ ጨው ይጨምራል፤ ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ተኝተዋል። ሠርቶ የሚያድር፣ ማንንም ያልበደለ ሰው ነው። በውስጡ ያለውን አገር ግን አያውቀውም።

አገሩ መንገድ በመንገድ ነው። ከቤተ መንግሥቱ የሚወጣው አውራ ጎዳና ከአውራ ጣት ይወፍራል፤ እየተከፋፈለና እየቀጠነ ሄዶ ዳር አገር ሲደርስ መንገደኛው ጎንበስ ብሎ አንድ ባንድ ብቻ የሚያልፍበት ይሆናል። ንጉሡ ልብ ይባላል። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ነጋሪት ይጎስማል፤ አገሩም በነጋሪቱ ልክ ይንቀሳቀሳል። ቀያዮቹ ተሸካሚዎች ከሳንባ አየር ጭነው ዳር ድረስ ያደርሳሉ፤ 4 ወር ገደማ አገልግለው ያልፋሉ። ነጫጮቹ ዘቦች ወራሪ ያሳድዳሉ። መራጊዎቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ10 ቀን ብዙም አይዘልም፤ ግድግዳ በተቀደደበት ሁሉ ጭቃቸውን ይዘው ይደርሳሉ። ጡንቾቹ መንገዱን ከውጭ አቅፈውታል፤ ሲጨብጡት ይጠባል፣ ሲለቁት ይሰፋል። የጨውና የውኃው ግምጃ ቤት በበጅሮንድ ኩላሊት እጅ ነው።

በመንገዱና በመንገደኛው መካከል ገበሮች ይኖራሉ። አንድ ረድፍ ብቻ ሆነው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ከንጉሡ እልፍኝ እስከ መጨረሻዋ ቀጭን መተላለፊያ ድረስ ግድግዳውን ከውስጥ የሚያለብሱት እነሱ ናቸው። ሐኪሞች ኢንዶቴልየም ይሏቸዋል። ሁለተኛ ረድፍ የላቸውም። ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ 1 ኪሎ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። በአገሩ የሚያልፍ ሁሉ የሚነካው እነሱን ነው፤ ገበሮቹ እስካሉ ድረስ ከኋላቸው ግድግዳ መኖሩን የሚያውቅ መንገደኛ የለም።

ሥራቸው መስማትና መናገር ነው። ደሙ ሲያልፍ ይዳስሳቸዋል፤ እነሱም ከዳሰሳው የመንገደኛውን ብዛት ይረዳሉ። ሲበዛ ለጡንቾቹ ትንፋሽ ይልካሉ። ትንፋሹ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል፣ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ የማይቆይ ጋዝ ነው፤ «ላላ በሉ» ይላቸዋል። ሹፌሩ የተሳፋሪ ጆንያ አንሥቶ ታክሲው ጣሪያ ላይ ሲሰቅል የክንዱ መንገዶች ወዲያው የሚሰፉት በዚህ ትንፋሽ ጭምር ነው። ለመራጊዎቹ ደግሞ «እዚህ ቀዳዳ የለም፣ እለፉ» ይሏቸዋል። ዘቦቹ ሲያልፉ ክንዳቸውን ከነጠላቸው ሥር ሰብስበው ያሳልፏቸዋል፤ እውነተኛ ወራሪ የገባ ዕለት ብቻ ክንዱ ይወጣና ዘቡን ይዞ «በዚህ በኩል ነው» ይለዋል። የደም ማርጊያውን ሙጫ በየከረጢቱ ቋጥረው ለቁስል ቀን በጓዳቸው ያኖሩታል። «ጥበቁ» የሚል ቃልም አላቸው፤ ኢንዶተሊን ይባላል፣ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ያገኙት ነው። ካልቸገራቸው አብዝተው አይናገሩትም።

የዚህ ሹፌር ገበሮች ደግሞ የጥንት ርስት አላቸው። አያቶቹ የሰሜን ተራራ ሰዎች ናቸው፤ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ አርሰው፣ ወልደው፣ ስመው አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ፣ የደማቸው ሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እንደማይለይ አሳይቷል። የቲቤትም ሆኑ የአንዲስ ተራራ ሰዎች እንዲህ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የኢትዮጵያ ደገኞችን ጂን ያጠኑ ሌሎች ሳይንቲስቶች፣ ለከፍታው ከረዷቸው ጂኖች አንዱ «ጥበቁ» የሚለው ቃል የሚሰማበትን ጆሮ የሚሠራው ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። መንገድ መቼ እንደሚጠብና መቼ እንደሚሰፋ ማወቅ ለነዚያ ሰዎች የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ለልጅ ልጃቸው ያወረሱት ይህንን ነው። የሲጋራ ጢስ የሚመልስ ርስት ግን አላወረሱትም፤ እነሱ ከዚህ ጠላት ጋር አልተዋጉም።

አንድ ቀን ንጉሡ ግምገማ ጠራ። ቀያዮቹ ቀድመው ቀረቡ፤ ምን ያህል አየር ጭነው የት የት እንዳደረሱ ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። ፊታውራሪው ዘቦቹን አሰልፎ በክረምቱ ጉንፋን ስንት ወራሪ እንደጣሉ አስቆጠረ፤ ተጨበጨበለት። መራጊዎቹ የጢም ምላጭ የቀደደውን ጉንጭ በደቂቃዎች እንደደፈኑ አስረዱ፤ ተጨበጨበላቸው። በመጨረሻ ስለ ገበሮቹ አንዲት አሮጊት ቆመች። የአውራው ጎዳና መገንጠያ ላይ ተወልዳ እዚያው ያረጀች ናት።

«እናንተሳ ምን ሠራችሁ?» አላት ንጉሡ።

«ምንም አልሆነም፣ ጃንሆይ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ደም በመንገድ ላይ አልረጋም። ዘብ በሰላም ሰው ቤት አልገባም። መንገድ ያለ ምክንያት አልጠበበም። ምንም አልሆነም።»

አዳራሹ ሳቀባት። ንጉሡ ግን አልሳቀም፤ ግራ ገባው። ያልሆነን ነገር በምን ይሰፍረዋል? የተሸከመ በሸክሙ ይታወቃል፣ የተዋጋ በግዳዩ ይታወቃል። በየመንደራችንም እንዲሁ ነው። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ተጣልተው ገጀራ ሊማዘዙ ሲሉ አንዲት እናት ቡና አፍልታ ብታስቀምጣቸው፣ ያ ቡና በየትኛው ቢሮ መዝገብ ይገባል? ገጀራው ቢመዘዝ ግን ፖሊስ ይመዘግበዋል፣ ሐኪም ይመዘግበዋል፣ ፍርድ ቤት ይመዘግበዋል። እኔ ስለዚህች እናት ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ አገር የቆመው በእሷ ላይ ነውና።

በጅሮንድ ኩላሊት ተነሥቶ እጅ ነሣ። «ጃንሆይ፣ እነዚህ ከነጋሪትዎና ከጡንቾችዎ መካከል ገብተው የተቀመጡ ናቸው። ትእዛዝዎ በእነሱ በኩል ለምን ይዞራል? በቀጥታ ለጡንቾቹ ቢደርስ አገሩ ይፈጥናል፣ ወጪም ይቀንሳል።» ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

በጅሮንዱ የመከረውን ነገር በእውነተኛው ዓለም አንድ ሰው ሞክሮታል። ሮበርት ፈርችጎት ይባላል፤ ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ የጥንቸልን ትልቅ የደም ሥር ቆርጦ በላቦራቶሪ ይፈትን የነበረ ሳይንቲስት ነው። አሴቲልኮሊን የተባለውን መልእክተኛ በደም ሥሩ ላይ ሲያፈስበት ሥሩ ይኮማተርበታል፤ ያው መልእክተኛ በሕይወት ባለ እንስሳ ውስጥ ሲገባ ግን ሥሩን ያላላል። ነገሩ ለዓመታት አልገባውም። በኋላ ሲታይ፣ ሥሩ ሲዘጋጅ ውስጡ እየተፋቀ ገበሩ ይላጥ ኖሯል። ሳይፋቅ የተዘጋጀው ሥር ላላ፤ የተፋቀው ጠበቀ። መልእክተኛው አንድ፣ ቃሉም አንድ ነው። በገበሮቹ በኩል ሲያልፍ ያላላል፤ ገበሮቹ በሌሉበት በቀጥታ ጡንቻ ላይ ሲወድቅ ያንቃል። ፈርችጎትና ባልደረባው ዛዋድስኪ ይህን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በዚሁ ትንፋሽ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከዚህ ግኝት በፊት ትምህርት ቤቱም መጽሐፉም ገበሮቹን ከተራ መጠቅለያ ብዙም አይለይም ነበር።

በዚህ አገር ግን ፈርችጎትን የሰማ አልነበረም። የበጅሮንዱ ምክር ጸደቀ። ገበሮቹ አልተባረሩም፤ እንዳይሰሙ ብቻ ሆኑ። የሲጋራው ጢስ በየቀኑ እየገባ ትንፋሻቸውን ከአፋቸው እንደወጣ ያቃጥለው ጀመር። «ላላ በሉ» የሚለው ቃል ጡንቾቹ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ቃል ያጡት ጡንቾች እንደ ጨበጡ ዋሉ፣ እንደ ጨበጡ አደሩ። በጅሮንዱ ደግሞ ጨው በዛልኝ ብሎ ውኃውን አብሮ ያከማቻል። መንገዱ ጠበበ፣ በመንገዱ የሚሄደው በዛ።

ዳር አገር ያሉት «ራበን» ብለው ጮኹ። ንጉሡ የሚያውቀው አንድ መፍትሔ ነው፤ ነጋሪቱን አጠንክሮ መታ። ደሙ ቀድሞ ይዳስሳቸው የነበሩትን ገበሮች አሁን በጥፊ ይመታቸው ጀመር። በተመቱ ቁጥር ትንፋሻቸው አነሰ፤ ትንፋሹ ባነሰ ቁጥር ጡንቾቹ ጠበቁ፤ ጡንቾቹ በጠበቁ ቁጥር ንጉሡ ይበልጥ አጠነከረ። ንጉሡ ክፉ አልነበረም። ለተራበው ያዝን ነበር፤ የሚያውቀው መንገድ ግን ያው አንዱ ብቻ ሆነበት።

ጉዳቱ ከሁሉ ቀድሞ የታየው መገንጠያው ላይ ነው። ቀጥ ባለ ጎዳና የሚኖሩ ገበሮች ፈሳሹ በአንድ አቅጣጫ ስለሚዳስሳቸው ፊታቸውን ወደ ፍሰቱ አዙረው በሥርዓት ይተኛሉ። መንገድ በሚከፈልበት ግን ፈሳሹ ይሽከረከራል፤ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፤ የቱን ይስሙ? በሰው ሁሉ ዘንድ የደም ሥር ስብ መጀመሪያ የሚያቆጠቁጠው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። የአሮጊቷ ሠፈር እዚያ ነበር።

ከአጠገቧ አንዲት ወጣት ገበር ነበረች። ትከሻዋ ከጎረቤቷ ትከሻ ላልቶ፣ በክፍተቱ የስብ ጭነት እየሾለከ ከኋላዋ ይከማቻል፤ እዚያም ይበላሻል፣ ይሸታል።

«እማማ፣ ዘቦቹን ልጥራ» አለች።

«ወራሪ አይተሻል ልጄ?»

«አላየሁም። ግን ቤቴ ሸተተ፣ ጀርባዬ ቆሰለ፣ የሚሰማኝም የለም። ዘብ ሲመጣ ቢያንስ ንጉሡ ያውቃል።»

«ዘብ አንዴ ከገባ ምን እንደሚያደርግ አንቺ አትመርጪለትም። እኔ አውቃለሁ፤ ሲገባ አይቻለሁ።»

ወጣቷ ዝም አለች፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ክንዷ ከነጠላዋ ሥር ወጣ። የሚያልፈውን ዘብ ያዘች። በእሷ አልፈርድም። ተመትታ፣ ተንቃ፣ ለዓመታት የተናገረችው ሳይሰማ የቀረ ሰው ክንዱን ቢያወጣ፣ ጥፋቱ ከክንዱ አይጀምርም።

ዘቦቹ ከገበሮቹ ጀርባ ገቡ። ወራሪ ፈለጉ፣ አጡ። ያገኙት የተበላሸ ስብ ነው፤ እሱን መብላት ጀመሩ። በሉ፣ አበጡ፣ አረፋ መሰሉ፣ በገቡበት መውጣት አቃታቸው። እዚያው ሞቱ፤ ሬሳቸውን ሊያነሡ ሌሎች ዘቦች ተጠሩ፤ እነሱም በሉ፣ እነሱም አበጡ። ጡንቾቹ ከውጭ እየፈለሱ መጥተው በላዩ ክዳን ሠሩበት። መገንጠያው ላይ ጉብታ ተነሣ። አሮጊቷ ገበር አንድ ሌሊት ነጋሪቱ ሲበረታ ከቦታዋ ተነቅላ ከደሙ ጋር ሄደች። ከግራና ከቀኝ ያሉት ራሳቸውን ዘርግተው የለቀቀችውን ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ ተሳቡ፣ ሳሱ። መራጊዎቹ በዚያ ሲያልፉ «ቀዳዳ የለም» የሚላቸው ድምፅ ደክሟል። እየቆሙ ያዩ ጀመር።

ሰውየው ይህን ሁሉ አላወቀም። ገበሮች የሕመም ድምፅ የላቸውም፤ የደም ሥር ገበር ሲቆስል ባለቤቱን አያመውም። ከዓመታት በኋላ አንድ ማለዳ የተበላሸ ሚኒባሱን ከረዳቱ ጋር ሲገፋ ደረቱን ጨመደደው። ቆመ፣ ሲያርፍ ለቀቀው። ጮኾ የነገረው ንጉሡ ነው፤ የራሱ ቀለብ የሚመጣበት መንገድ በዚያ ጉብታ ጠቦበት።

ሚስቱ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ክንዱን ጠቅልላ የደም ግፊቱን ለካች፤ 160 በ100። አሳርፋ ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። «ወንድሜ፣ ከዚህ በፊት ተለክተህ ታውቃለህ?» ብትለው አያውቅም። ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል ልኮ ልቡን አስመረመረለት፤ ከዚያ ጊዜ ወስዶ አስረዳው። ሲጋራው ዛሬ ይቆማል። ጨው ይቀንሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ያህል ጨው ይበላል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ግን ከ5 ግራም በታች ነው። ታክሲው ተራ ሲይዝ ተቀምጦ ከመጠበቅ ወዲያ ወዲህ ይራመድ፤ ገበሮች በእንቅስቃሴ ሲዳሰሱ ትንፋሻቸው ይመለሳል። አንዱ መድኃኒት ጡንቾቹን ያላላል፣ አንዱ ለበጅሮንዱ ነው፣ አንዱ ለስቡ ነው። ሁሉም በየቀኑ ይወሰዳል፤ ደህና ነኝ በሚልበትም ቀን።

ጢሱ ቆመ። ንጉሡ ሁለተኛ ግምገማ ጠራ፤ በዚህኛው ማንም አላጨበጨበም። ስለ ገበሮቹ የቆመችው ያቺ ወጣት ናት፤ አሁን ወጣት አይደለችም።

«ጃንሆይ፣ ነጋሪቱን ያላሉ» አለች።

«ባላላው ዳር አገር ይራባል።»

«ዳር አገር የራበው መንገዱ ስለጠበበ ነው። እርስዎ ሲያጠነክሩ እኛ እንቆስላለን፤ እኛ ስንቆስል መንገዱ ይጠባል። አሁን ትንፋሻችን ጡንቾቹ ጋ ይደርሳል። ይስሙንና ይሞክሩት።»

ንጉሡ በጅሮንዱን አየው። በጅሮንዱ አንገቱን ደፍቶ ግምጃ ቤቱን ከፈተ፤ ጨውና ውኃው ወጣ። ነጋሪቱ ላላ። ዳር አገር አልተራበም።

«ያ መገንጠያው ላይ ያለው ጉብታስ?» አለ ንጉሡ።

«እሱ አይጠፋም፣ ጃንሆይ። የሞቱት ዘቦች እዚያው ናቸው፣ ስቡም እዚያው ነው። ክዳኑ እንዳይቀደድ ግን እኛ በላዩ እንተኛለን። የተቀደደ ዕለት መራጊዎቹ በደቂቃዎች መንገዱን ይዘጉታል፣ እርስዎም ይሞታሉ። ስለዚህ ከእንግዲህ ነጋሪት ከማጠንከርዎ በፊት እኛን ይጠይቁ።»

ንጉሡም ፈረደ፦ ገበሮቹ ሳይጠየቁ ነጋሪት እንዳይጠነክር፤ የአሮጊቷ «ምንም አልሆነም» በአገሩ መዝገብ ከዘቦቹ ግዳይ በላይ እንዲጻፍ።

ሹፌሩ ዛሬም በመካኒሳና በሜክሲኮ መካከል ይጭናል፤ ማታ ማታ መድኃኒቱን ይወስዳል። ሲጋራ ያቆመ ሰው በ1 ዓመት ውስጥ በማጨሱ የተጨመረበት የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አንባቢዬ፣ የእርስዎ ገበሮችም ሲቆስሉ አይነግሩዎትም። ከዚህ በፊት ካልተለኩ በዚህ ሳምንት ወደሚቀርብዎ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ክንድዎን ለነርሷ ይስጡ፤ ልኬቱ ከ5 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።